የነጋዴ ሴቶች ድፍረት ቁሳዊ መሠረቱ

ስለ ሴቶች እኩልነት የሚደረግ ውይይት በአዳራሽ ውስጥ እስካለ ድረስ ተቃዋሚ የለውም። ውይይቱ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ገበያው ሲወርድ፣ ከገበያውም ወደ ገንዘብ ሣጥኑ ሲጠጋ ግን የሚሰማው ቃል ይለወጣል። «ሴቶች ገንዘብ ይፈራሉ፤ ብድር ሲባሉ ወደ ኋላ ይላሉ፤ ከጉሊት አልፈው ለመሄድ ድፍረቱ የላቸውም» ይባላል። ይህን የሚሉት የሴቶችን መብት የሚቃወሙ ሰዎች ብቻ አይደሉም። የብድር ሠራተኛው፣ የእድሩ ሊቀ መንበር፣ አንዳንድ ጊዜም ራሷ ነጋዴዋ ይህንኑ ይደግሙታል። የተሳሳተ አባባል ከተጎጂው አንደበት ሲደገም ደግሞ እውነት መስሎ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን አባባል መመርመር ነው። መነሻችን ግልጽ ነው፤ የሰው አስተሳሰብ ከኑሮው ይመነጫል። ፍርሃት ከሰማይ አይወርድም፤ ድፍረትም እንዲሁ። ሁለቱም በተጨባጭ ሁኔታ ላይ ይበቅላሉ። ስለሆነም ነጋዴዋን «አይዞሽ፣ ድፈሪ» ብሎ መምከር ብቻውን ያልታረሰ መሬት ላይ ዘር እንደ መበተን ነው። የሚያስፈራትን ሁኔታ መለወጥ፣ ያም ካልሆነ ቢያንስ ልኩን በቁጥር ማሳወቅ ይቀድማል።

የመንገድ ከተሞችና የገበያ ሴቶች

ጉዳዩን በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ማየቱ ጠቃሚ ነው። አዳማ የንግድና የመጓጓዣ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በጣቢያው ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ ከተማ መሠረተ። ከዋና ከተማው አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በመገኘቷ እህሉም፣ ጨርቁም፣ ከወደብ የሚመጣው ዕቃም የሚያልፈው በእርሷ በኩል ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 220,212 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሆኑት 111,340ዎቹ ሴቶች ነበሩ። በአቅራቢያዋ ወንጂ አለች፤ በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የስኳር ፋብሪካ ዙሪያ የወዝአደር ሠፈሮች የተተከሉባት። ሞጆ ቆዳዋና ደረቅ ወደቧ ይታወቃሉ። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ የሽንኩርትና የቲማቲም አገር ወደሆነችው መቂ፣ ሐይቋ ዓሣ ወደሚመግባት ባቱ፣ በቤት ውስጥ በሚወጣው አረቄዋ ስሟ ወደ ተነሣው አርሲ ነገሌ፣ ከዚያም ወደ ሻሸመኔ መስቀለኛ መንገድ ያደርሳል።

በእነዚህ ከተሞች ሁሉ ንግዱ ሰንሰለት አለው። በሰንሰለቱ ላይኛው ጫፍ ባለ ጭነት መኪናው፣ ጅምላ አከፋፋዩና ደላላው ይገኛሉ። በታችኛው ጫፍ ደግሞ ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ ከፍላ የምትሸጠው፣ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት የምታቀርበው፣ በርበሬና ሽሮ የምታዘጋጀው የባልትና ባለሙያ፣ ጠላ ጠማቂዋና አረቄ አውጪዋ አሉ። ከታችኛው ጫፍ የሚሠሩት እጆች በአብዛኛው የሴት እጆች ናቸው። የአርሲ ነገሌን አረቄ ለአብነት እንውሰድ። ጌሾ መውቀጥ፣ ብቅል ማብቀል፣ ድፍድፍ መጣል፣ በጭስ ውስጥ ቆሞ አረቄውን ማውጣት የሴቲቱ ሥራ ነው። የእህሉና የማገዶው ዋጋ ግን በሌሎች ይወሰናል፤ አረቄው ተጭኖ ሩቅ ከተማ ሲደርስ የሚያወጣውን ዋጋም እርሷ አትቆርጥም።

ይህች ሴት በመደብ ትንተና የት ትመደባለች? ንብረት ስላላት ብቻ ከከበርቴው ጎራ የሚደምሯት ይኖራሉ። ነገር ግን ዋናው ካፒታሏ ላቧ ነው። አሠሪዋም ሠራተኛዋም ራሷ ናት። የዋጋ ውድነት ሲመጣ ደመወዟን የምትቀንሰው ከራሷ ነው፤ ከራሷ ቀንሳ ካልበቃትም ከልጆቿ ማዕድ ትቀንሳለች። የገንዘብ ፍርሃቷን ለመረዳት ይህን አቋሟን መረዳት ግድ ነው።

ፍርሃቱን ያቆሙት ምሰሶዎች

የመጀመሪያው ምሰሶ የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስና የጋራ ንብረቱ አስተዳዳሪ አድርጎት ነበር። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ደነገገ። በፌዴራል ደረጃ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ተጋቢዎችን በእኩልነት የጋራ አስተዳዳሪ አደረጋቸው። ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. የራሷን የቤተሰብ ሕግ አወጣች። ሕጉ ተለውጧል። ዳሩ ግን ሕግ በአንድ ቀን ይታወጃል፤ የቤት ካርታና የመኪና ሊብሬ የተጻፈበት ስም በአንድ ቀን አይለወጥም። ባንክ መያዣ ሲጠይቅ የሚያየው አዋጁን ሳይሆን በካርታው ላይ ያለውን ስም ነው።

ሁለተኛው ምሰሶ ፊርማ ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ መሆን የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት እንዲጠይቅ አዟል። ድንጋጌው ለሁለቱም እኩል ነው። ሚስት ሳታውቅ ቤቱ ለባልዋ ወንድም ዕዳ እንዳይያዝ ይጠብቃታል። በዚያው መጠን ግን፣ ባልየው ለመፈረም እምቢ ካለ፣ የእርሷ ሥራ በእርሱ ብዕር ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። እኩል የሆነ ሕግ እኩል ባልሆነ ቤት ውስጥ ሲገባ እኩል ውጤት አይሰጥም።

ሦስተኛው ምሰሶ የንግዱና የቤቱ ኪስ አንድ መሆን ነው። ጠዋት የተሸጠው ሽንኩርት ቀትር ላይ የልጅ ደብተር ይሆናል፤ ማታ የተገኘው ብር ለታመመ ዘመድ መጠየቂያ ይወጣል። እናት በመሆኗ አትነቀፍበትም። ነገር ግን ሁለቱ ኪሶች ስላልተለዩ ንግዱ እያተረፈ ይሁን እየከሰረ የምታውቅበት መንገድ የላትም። የማያውቁትን ነገር መፍራት ደግሞ የጤነኛ ሰው ጠባይ ነው።

አራተኛው ጊዜ ነው። ውኃ መቅዳቱ፣ ልጅ ማሳደጉ፣ ምግብ ማብሰሉ፣ የታመመ ማስታመሙ ክፍያ የሌለው የሥራ ቀን ነው። ወንዱ ነጋዴ ሱቁን ከዘጋ በኋላ ሒሳቡን ለማሰብ ሰዓት አለው። እርሷ ጉሊቷን ካነሣች በኋላ ሁለተኛው ፈረቃዋ ይጀምራል።

ማስረጃው ምን ይላል?

«ሴቶች ብድር ይፈራሉ» የሚለው አባባል በተግባር የተፈተነበት አንድ ታላቅ አጋጣሚ አለ፤ አዳማም የፈተናው ስፍራ ነበረች። በ2004 ዓ.ም. የዓለም ባንክ በ50 ሚሊዮን ዶላር የደገፈው የሴቶች ሥራ ፈጣሪዎች ልማት ፕሮጀክት በስድስት ከተሞች እንዲጀመር ጸደቀ፤ እነዚህም አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና መቀሌ ናቸው። ገንዘቡ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለአነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት እየተላለፈ ለነጋዴ ሴቶች ይበደር ነበር። ሥልጠናም ተጨምሮበታል።

ፕሮጀክቱ የተነሣው አንድ ባዶ ቦታ ታይቶ ነው። በቡድን ዋስትና የሚሰጠው ትንሽ ብድር ሥራዋ ላደገ ሴት አይበቃም። ትልቁ ባንክ በበኩሉ በስሟ የሌለውን ቤት በመያዣነት ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል የቆመችው ነጋዴ «ድፍረት የላትም» ትባል ነበር። በሩ ሲከፈት የታየው ሌላ ነው። ባንኩ ባወጣው መረጃ መሠረት ከተበዳሪዎቹ ከመቶ 76ቱ ከዚያ በፊት በሕይወታቸው ብድር ወስደው የማያውቁ ነበሩ። ብድሩን በመመለስ ረገድም ከመቶ 99 ገደማው ተመልሷል። እንዲህ ያለ ውጤት ያስመዘገቡትን ሴቶች ፈሪዎች ብሎ የሚጠራ ሰው የቃሉን ፍቺ ሊያስረዳን ይገባል። አስቀድሞ የጎደለው ድፍረት ሳይሆን በር ነበር።

የአንድ ፕሮጀክት ውጤት ግን አገራዊውን ስዕል አይሸፍንም። የዓለም ባንክ የሒሳብ ባለቤትነት ጥናት እንደሚያሳየው እ.አ.አ. በ2014 በኢትዮጵያ ከአዋቂ ወንዶች ከመቶ 23ቱ፣ ከሴቶች ከመቶ 21ዱ የገንዘብ ሒሳብ ነበራቸው። በ2017 የወንዶቹ ቁጥር ወደ 41፣ የሴቶቹ ወደ 29 አደገ። ሁለቱም አድገዋል። ልዩነቱ ግን ከ2 ነጥብ ወደ 12 ነጥብ ሰፋ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ቅርንጫፍ መክፈትና ሕንፃ ማብዛት ብቻውን እኩልነትን አያመጣም። አዲስ መንገድ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያልፍበት ቀድሞም ጫማ ያለው ነው።

የደብተሩ ትምህርት

እስካሁን ያየነው ተቋማትና ሕጎች የሚለውጡትን ነው። ነጋዴዋ ራሷ ዛሬ ማታ ልትጀምረው የምትችለው ነገርስ ምንድን ነው? መልሱ የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። ለስሌት እንዲመች በተወሰዱ ቁጥሮች እንመልከተው።

አንዲት እንጀራ ጋጋሪ በሳምንት ለጤፍ 6,000 ብር ታወጣለች እንበል። በሳምንቱ መጨረሻ የሸጠችው 7,500 ብር ነው። «1,500 ብር አተረፍኩ» ትላለች። አሁን ደብተሩን እንክፈት። ለኤሌክትሪክና ለማገዶ 350፣ ለጋሪና ለተሸካሚ 150፣ ለወፍጮ 100 ወጥቷል፤ ድምሩ 600 ብር። ትርፉ ወደ 900 ዝቅ አለ። ከሽያጩ ውስጥ 500 ብሩ በዱቤ የተሸጠና ያልተሰበሰበ ነው፤ ስለዚህ በእጇ የተጨመረው ጥሬ ገንዘብ 400 ብር ብቻ ነው። በሌላ በኩል ቤተሰቡ የበላው የ300 ብር እንጀራ በሽያጭ አልተቆጠረም፤ ያ ግን ሌላ ቤት ቢሆን በገንዘብ የሚገዛ ነበር። ከዚህ አንፃር እውነተኛው የሳምንት ገቢዋ 1,200 ብር ነው። በስድስት ቀን ስልሳ ሰዓት ከሠራች፣ የአንድ ሰዓት የድካሟ ዋጋ 20 ብር ሆነ ማለት ነው።

ይህች ሴት በየሳምንቱ 500 ብር የሚከፈል ብድር ቢቀርብላት ትፈራለች። ፍርሃቷ ትክክል ነው! በእጇ የሚገባው 400 ብር ነውና። ነገር ግን ደብተሩ የፍርሃቱን ምክንያትም አብሮ ያሳያታል። ምክንያቱ ንግዱ አለማትረፉ አይደለም፤ ዱቤው ነው። ዱቤውን በግማሽ ብትቀንስ በእጇ የሚገባው 650 ይሆናል፤ ክፍያውንም ትወጣዋለች። ስም ያልነበረው ጭንቀት 250 ብር የሚል ስም አገኘ። ስም ያለው ችግር ደግሞ መፍትሔ ይፈለግለታል። በራስ መተማመን የምንለው ነገር አንዱ መሠረት ይህ ነው፤ የስሜት ግለት ሳይሆን የቁጥር እውቀት።

የወለድም ነገር እንዲሁ ነው። 10,000 ብር ለአንድ ዓመት በ18 ከመቶ ወለድ ብትበደር፣ ዋናውንም በየወሩ እኩል ብትከፍል፣ ስንት ወለድ ይከፈላል? ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ብድር ላይ የሚታሰብ ከሆነ 1,800 ብር ነው። በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን 975 ብር ነው። «18 ከመቶ» የሚለው ቃል በሁለቱም ውል ላይ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ 825 ብር ይለያያሉ። ስለሆነም ከመፈረም በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ወለዱ ስንት ነው?» ብቻ መሆን የለበትም። «የሚታሰበው በምን ላይ ነው? በጠቅላላው ስንት ብር መልሼ እከፍላለሁ?» መባል አለበት። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።

አራጣ አበዳሪው በወር 10 ከመቶ ሲጠይቅ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ዋናው ሳይነካ በዓመት 12,000 ብር ወለድ መሆኑን ደብተር ያልያዘ ሰው አያየውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግለሰቦች የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከ12 ከመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ አራጣም በወንጀል ሕግ ያስቀጣል። አራጣ የሚኖረው በጨለማ ነው፤ መብራቱም ስሌት ነው።

እቁብ፣ ባንክና ስልክ

የገንዘብ እውቀት ከውጭ ብቻ የሚመጣ አድርገው የሚያስቡ ይሳሳታሉ። ሕዝቡ ለዘመናት የገነባቸው ተቋማት አሉት። ሃያ ሴቶች በሳምንት 500 ብር የሚጥሉበት እቁብ በየሳምንቱ 10,000 ብር ለአንዷ ያወጣል። የመጀመሪያው ዕጣ የደረሳት ያለ ወለድ ተበደረች ማለት ነው፤ የመጨረሻው የደረሳት ያለ ወለድ ቆጠበች ማለት ነው። የዋጋ ንረት ሲኖር የመጨረሻዋ ትጎዳለች። ስለዚህ ረጅም እቁብ ለቋሚ ዕቃ መግዣ፣ አጭር እቁብ ለሥራ ማስኬጃ መለየቱ ብልህነት ነው። በኦሮሞ ባህል ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ የሚባለው የመረዳዳት ሥርዓት የተጎዳውን ወገን መልሶ ያቆማል።

ገንዘብን በአንድ ስፍራ ማከማቸትም አያዋጣም። በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ አደረገ። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 10,000 ብር በቁጠባ ያስቀመጠ ሰው 700 ብር ወለድ ሲያገኝ፣ ከገንዘቡ የመግዛት ኃይል የጠፋው ከዚያ እጅግ ይበልጥ ነበር። በፍራሽ ሥር ያስቀመጠው ደግሞ 700 ብሩንም አጥቷል። ለክፉ ቀን የሚሆነው በባንክ፣ ቀሪው በሚንቀሳቀስ ሸቀጥና በሥራ መሣሪያ ላይ መዋሉ ከዚህ የሚገኝ ትምህርት ነው።

አዳዲስ በሮችም ተከፍተዋል። የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማት ሕግ በ1988 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም በቅርብ ዓመታት ወደ ባንክ አድጎ ሲንቄ የሚል ስም ይዟል። ሲንቄ የኦሮሞ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው፣ መብቷ ሲነካም ይዛ የምትወጣው በትር ነው። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ በአሥራ አንድ ሴቶች አነሳሽነት የተመሠረተ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ይህም ማለት ካርታ የሌላት ሴት የልብስ ስፌት መኪናዋን፣ ማቀዝቀዣዋን ወይም ከብቶቿን ማስያዝ የምትችልበት ሕጋዊ መሠረት አላት ማለት ነው። አዋጁ በወረቀት እንዳይቀር ግን ጠያቂ ያስፈልገዋል።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ገንዘብን ወደ ስልክ አምጥቶታል። ጥቅሙ ገንዘብ ማስተላለፉ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍያ ስለሚመዘገብ ስልኩ ራሱ ደብተር ይሆናል። አደጋውም እዚያው ነው። በአንድ ቁልፍ የሚገኝ ብድር በአንድ ቁልፍ ይረሳል። ከሁሉ በላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ የሚስጥር ቁጥሯን ባሏ ወይም ልጇ የሚይዝላት ሴት ስልኩ በስሟ ቢሆንም የሒሳቡ ባለቤት አለመሆኗ ነው።

ኅሊናም ተመልሶ ኑሮን ይለውጣል

አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ «ሁሉ ነገር ቁሳዊ ከሆነ ሥልጠናና ምክር ምን ይሠራሉ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ኑሮ ኅሊናን ይቀርጻል ስንል ኅሊና ዝም ብሎ ይቀመጣል ማለታችን አይደለም። በቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ በ1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች ላይ የተደረገና እ.አ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የተለመደውን የንግድ ሥልጠና ከሌላ ዓይነት ሥልጠና ጋር አነጻጽሯል። ሁለተኛው ዓይነት ሠልጣኙ ራሱ ዕድል እንዲፈልግ፣ ግብ እንዲያስቀምጥ፣ እንቅፋት ሲገጥመው ሌላ መንገድ እንዲያቅድ የሚያለማምድ ነበር። የእነዚህ ትርፍ በአማካይ 30 ከመቶ ሲጨምር፣ የተለመደውን ሥልጠና ያገኙት ከ11 ከመቶ አላለፉም። ልብ እንበል! የተማሩት «ጀግኖች ናችሁ» የሚል ሙገሳ አይደለም። የተማሩት የሥራ ልማድ ነው። ልማዱ ውጤት አመጣ፤ ውጤቱም ልብ ሰጠ።

በሌላው ጫፍ የቆመውን ስሕተትም ማየት ያሻል። ብድር ብቻውን ነፃ አያወጣም። እ.አ.አ. በ2015 አብረው የታተሙ ስድስት የአነስተኛ ብድር ጥናቶች፣ ከእነዚህም አንዱ በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች የተካሄደ ሲሆን፣ የብድር ጥቅም መጠነኛ እንጂ ሕይወትን የሚለውጥ ሆኖ እንዳልተገኘ አሳይተዋል። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት በ2010 ዓ.ም. እ.አ.አ. የተከሰተው ቀውስም ለትርፍ የሚሽቀዳደሙ አበዳሪዎች ድሆችን በዕዳ ላይ ዕዳ ሲጭኗቸው የሚደርሰውን ጥፋት ለዓለም አሳይቷል። በዚያችው ሕንድ ግን ሌላ ምሳሌ አለ። በአሕመዳባድ ከተማ በኤላ ባት መሪነት የተደራጁ 4,000 በራሳቸው የሚሠሩ ሴቶች እ.አ.አ. በ1974 እያንዳንዳቸው አሥር ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ አቆሙ። የጎዳና ቸርቻሪዎችና ሸክም ተሸካሚዎች ነበሩ። ልዩነቱ በብድሩ መጠን ላይ አልነበረም፤ ብድሩን የሚቆጣጠረው ማን ነው በሚለው ላይ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

የሠፈር ማኅበራትና የወዝአደሩ ድርሻ

እዚህ ላይ ጉዳዩ የሴቶች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ለወዝአደሩ አንባቢ አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ ይገባል። በፋብሪካ ሠፈሮች ሠራተኛው ከደመወዝ እስከ ደመወዝ የሚደርሰው በማን ገንዘብ ነው? በወሩ ሦስተኛ ሳምንት ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን፣ እንጀራውን በዱቤ የምትሰጠው የሠፈሯ ነጋዴ አይደለችምን? ያ ዱቤ ወለድ የሌለው፣ መያዣ የሌለው፣ ውል የሌለው ብድር ነው። ይህ እንግዲህ «ብድር ትፈራለች» የተባለችው ሴት ለአንድ ሠፈር ሠራተኛ በየወሩ የምታበድረው ገንዘብ ነው! ደመወዝ ሲደርስ መጀመሪያ የሚከፈለው የእርሷ ዕዳ ሊሆን ይገባል። የሠራተኛው መተባበር በሰልፍ ከመታየቱ በፊት በዱቤ ደብተር ላይ ይታያል።

በቤቱም ውስጥ እንዲሁ ነው። ባልየው ለብድሯ ፊርማውን ሲሰጥ ውለታ እንደ ዋለ ሊቆጥረው አይገባም። ማታ ማታ ልጆቹን ይዞ ሠላሳ ደቂቃ ቢሰጣት ያቺ ሠላሳ ደቂቃ ለደብተሩ ትበቃለች።

የሠፈር ማኅበራትና እድሮች ሊያከናውኑት የሚችሉት ተግባር ከዚህ ይሰፋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና እ.አ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተሸለመው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናቶችን ፊደል አስቆጥሯል። ፊደል የቆጠረው እጅ ሒሳብ እንዲጽፍ ማድረግ የዚያ ሥራ ተከታይ ምዕራፍ ነው። በየሠፈሩ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ አይጠፋም። አንድ ተማሪ ለአምስት ነጋዴዎች በሳምንት አንድ ምሽት ገቢና ወጪያቸውን ቢያሰፍርላቸው፣ ደብተሩ በሚያነቡት ቋንቋ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ ቢጻፍ፣ ማኅበሩ ምንም ወጪ የለበትም። የብድር ውል ሊፈረም ሲል በእድሩ ስብሰባ ጮክ ተብሎ ቢነበብና ጠቅላላ ክፍያው ቢሰላ ብዙ ቤት ከመፍረስ ይድናል። የአባላት ብዛት በፈቀደበት ስፍራ ደግሞ እቁቡ ወደ ቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር ቢያድግ፣ እያንዳንዷ አባል ብዙ ድርሻ ቢኖራትም ባይኖራትም አንድ ድምፅ ይኖራታል።

ከዚህ የምንደርስበት መደምደሚያ አጭር ነው። ነጋዴዋ ሴት የጎደላት ልብ አይደለም። በስሟ የተመዘገበ ንብረት፣ የተለየ ኪስ፣ የተጻፈ ሒሳብ፣ የምታውቀው ውልና ከጎኗ የሚቆም ማኅበር ነው የጎደላት። እነዚህ አምስቱ በተሟሉበት ቤት ድፍረት ተለምኖ አይመጣም። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ «ሴቶቻችን ለምን ይፈራሉ?» የሚል አጀንዳ ከቀረበ በምትኩ ሌላ ይያዝ፤ በዚህ ሠፈር ካሉት ነጋዴ ሴቶች ደብተር ያላቸው ስንት ናቸው? በዱቤ የያዝንባቸው ገንዘብስ ስንት ነው? መልሱ በቁጥር ይሰጥ፤ ቁጥሩም በወሩ መጨረሻ እንደገና ይታይ።